ዲዲ፣ ሲፒ ወይስ አርሲንክ? ለየትኛው ሥራ የትኛው ትዕዛዝ ይሻላል

ተርሚናል ላይ ፋይል መገልበጥ ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚጠራው ስም ዲዲ ነው። «ሊኑክስ ልጭን ስለሆነ ፍላሽ ላዘጋጅ» ሲባል ዲዲ። «ዲስኬን ባክአፕ ላድርግ» ሲባል ዲዲ። «ሃርድ ዲስኬ መንኳኳት ጀመረ፣ ዳታዬን ላውጣ» ሲባልም ዲዲ። ለመጀመሪያው ሥራ ከዲዲ የቀለለ ትዕዛዝ ይበቃል። ለሁለተኛው ብዙ ጊዜ የተሻለ አለ። ለሦስተኛው ደግሞ ዲዲ ጭራሽ የተረፈውን ዳታ ሊያሳጣችሁ ይችላል።

ዲዲን ጠልቼው አይደለም። ከምወዳቸው መሣሪያዎች አንዱ ነው። ግን የራሱ ቦታ አለው። ቦታውን ሳያውቁ የተጠቀሙበት ሰዎች ሲጎዱ አይቻለሁ፤ እኔም ተጎድቻለሁ። ስለዚህ ከሥራው ተነስተን ወደ ትዕዛዙ እንሂድ።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። የትዕዛዞቹን ስም እዚህ በምንጠራቸው መልክ ነው የጻፍኩት። ተርሚናል ላይ ስታስገቧቸው በላቲን ትንንሽ ፊደላት ናቸው። ዲዲ ሁለት ዲ ነው፤ ሲፒ ደግሞ ሲ እና ፒ።

ሁለት ጥያቄ ይቅደም

የመጀመሪያው፦ የምትገለብጡት ፋይል ነው ወይስ ዲስኩን ራሱን?

ሲፒና አርሲንክ የሚያዩት ፋይል ነው። ስሙን ያውቃሉ፣ ያለበትን ፎልደር ያውቃሉ፣ መቼ እንደተሻሻለ ያውቃሉ። ዲዲ ይህ ሁሉ አያገባውም። ከተነገረው ቦታ ባይት ያነባል፣ ወደተነገረው ቦታ ባይት ይጽፋል፣ በቃ። መቶ ፎቶ የያዘ ባለ 32 ጊጋባይት ፍላሽ ለሲፒ መቶ ፋይል ነው። ፍላሹን እንዳለ ለዲዲ ከሰጣችሁት ግን ወደ 32 ቢሊዮን ባይት የተደረደረበት አንድ ረጅም መስመር ነው። ፎቶው፣ ባዶው ቦታ፣ ባለፈው ወር የሰረዛችሁት ፋይል ቅሪት፣ ሁሉም አብሮ ይገለበጣል።

ሁለተኛው፦ ምንጩ ጤነኛ ነው? ዲስኩ እንግዳ ድምፅ ካሰማ፣ ፋይል ሲከፈት ያለወትሮው ከተንቀራፈፈ ወይም የንባብ ስህተት ካሳየ መልሱ «አይደለም» ነው። ያን ጊዜ ሲፒም አርሲንክም ዲዲም ለሌላ መሣሪያ ቦታ ይለቃሉ። እዚያ ስንደርስ በደንብ እናየዋለን።

ፋይል ከሆነ፦ ሲፒ ወይስ አርሲንክ

እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ፣ አንዴ ብቻ የሚገለበጥ ነገር ካላችሁ ሲፒ ይበቃችኋል። ሌላ አትፈልጉ። ፎልደር ሲሆን ብዙዎቻችን «ዳሽ አር» (ዳሽ ማለት አጭር ሰረዝ ናት) መጻፍ ለምዶብናል። ለባክአፕ ግን «ዳሽ ኤ» ይሻላል። ልዩነቱ በኋላ ነው የሚታየው። በዳሽ አር የተገለበጠ ፎልደር ውስጥ የሁሉም ፋይል ቀን የዛሬ ቀን ይሆናል። የአምስት ዓመት ፎቶ በቀን ልደርድር ስትሉ ሁሉም በአንድ ቀን የተነሳ ይመስላል። ዳሽ ኤ ቀኑንም፣ ፈቃዱንም፣ ሊንኩንም እንዳለ ይይዛል። ባለቤትነትንም ይይዛል፤ ለእሱ ግን የአስተዳዳሪ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ሲፒ ሳይጠይቅ በነበረው ፋይል ላይ ይጽፋል። ይህ የሚያስፈራችሁ ከሆነ «ዳሽ አይ» ጨምሩ፤ አንድ በአንድ ይጠይቃችኋል።

ሊኑክስ ላይ ሲፒ ሳይታወቅ የፈጠነበት አንድ ጉዳይ አለ። እንደ ቢቲአርኤፍኤስ እና ኤክስኤፍኤስ ያሉ ፋይል ሲስተሞች (ፋይል ዲስክ ላይ የሚደራጅባቸው ሥርዓቶች) ሁለት ፋይል አንድ ዓይነት ዳታ እንዲጋራ ይፈቅዳሉ። ሲፒንና ዲዲን የያዘው የትዕዛዞች ስብስብ ኮርዩቲልስ ይባላል፤ በ2021 ከወጣው ሥሪት 9.0 ጀምሮ ሲፒ ይህን ራሱ ይሞክራል። ባለ 20 ጊጋባይት ፋይል በዓይን ጥቅሻ «ተገለበጠ» ቢላችሁ አትደንግጡ። ዳታው ገና አልተባዛም፤ አንዱን ስታሻሽሉ የተሻሻለው ክፍል ብቻ ይለያል። ዲዲ ግን በነባሪ እንዲህ አያደርግም፤ ባይቱን ሁሉ አንብቦ እንደገና ይጽፋል። አንድ ፋይል ለመገልበጥ ዲዲ ይፈጥናል የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ውሃ አይቋጥርም።

የሲፒ ድክመት ሲቋረጥ ነው። 200 ጊጋባይት እየገለበጣችሁ መሃል ላይ ኬብሉ ቢነቀል የት እንደደረሰ የሚነግራችሁ የለም። የመጨረሻው ፋይል በግማሽ ተጽፎ በትክክለኛ ስሙ ተቀምጦ ይገኛል። ሙሉ ይመስላል። ከፍታችሁ ካላያችሁት አታውቁትም።

አርሲንክ የሚበልጠው እዚህ ነው። አንድሩ ትሪጀል እና ፖል ማኬራስ በ1996 ሲያወጡት ዋናው ሐሳባቸው በቀጭን ኔትወርክ ላይ ፋይልን ከነለውጡ ማስተካከል ነበር። ሙሉውን ፋይል ከመላክ ይልቅ የተለወጠውን ክፍል ለይቶ ይልካል። እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ከዲስክ ወደ ዲስክ ሲሆን ግን ይህን ስሌት ትቶ ፋይሉን ሙሉውን ይገለብጣል፤ እንዲያ ስለሚፈጥን። ያም ሆኖ ያልተለወጠውን ፋይል ጨርሶ አይነካም። ትናንት 200 ጊጋባይት ገልብጣችሁ ዛሬ ሦስት ፋይል ብትጨምሩ፣ ዛሬ የሚሄዱት ሦስቱ ብቻ ናቸው።

ግማሽ የተጻፈ ፋይልም በእውነተኛ ስሙ አያስቀምጥም። እየጻፈ ሳለ በጊዜያዊ ስም ይይዘዋል፤ ሲያልቅ ነው ስሙን የሚቀይረው። ቢቋረጥ ያንኑ ትዕዛዝ ድገሙት፣ ካቆመበት ፋይል ይቀጥላል። ትልልቅ ፋይሎች ከሆኑ «ዳሽ ፒ» ን በትልቁ ፒ ጨምሩ። ግማሹን ይዞ ያቆያል፣ ሂደቱንም ያሳያል።

አርሲንክ ላይ ሁሉም ሰው አንዴ የሚሰናከልበት ነገር የፎልደሩ ስም መጨረሻ ላይ ያለችው ዘንበል ያለች መስመር (/) ናት። ምንጩን «ፎቶ» ብላችሁ ከሰጣችሁት፣ መድረሻው ውስጥ ፎቶ የሚባል ፎልደር ይፈጥራል። «ፎቶ/» ካላችሁት ግን የፎልደሩን ሆድ ዕቃ ብቻ ወስዶ መድረሻው ላይ ይዘረግፈዋል። አንዲት ምልክት ናት። ከማጥፊያው ምርጫ ጋር ስትገናኝ ግን ትልቅ ጥፋት ታመጣለች።

«ዲሊት» የሚባለው ምርጫ ምንጩ ላይ የሌለውን ከመድረሻው ያጠፋል። ሁለቱ ጎን አንድ እንዲሆን ስትፈልጉ ግሩም ነው። ምንጩ ባዶ ከሆነስ? ለምሳሌ ውጫዊው ዲስክ ሳይሰካ ቀርቶ ባዶ ፎልደሩ ብቻ ቢኖር፣ አርሲንክ ታዛዥ ነውና ባክአፓችሁንም ባዶ ያደርገዋል። አደራ፣ ዲሊት ያለበትን ትዕዛዝ መጀመሪያ በ«ዳሽ ኤን» አስኪዱት። ምንም ሳይነካ ምን ሊያደርግ እንደነበር ይዘረዝርላችኋል። ዝርዝሩን እዩት። ከዚያ ዳሽ ኤንን አውጥታችሁ ድገሙት።

ወደ ፍላሽ ስትገለብጡ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ፍላሹ በፋት32 የተሠራ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ የትኛውንም ትዕዛዝ ብትጠቀሙ ያው ነው። ሌላው፣ ፋት የፋይል ሰዓትን የሚመዘግበው በሁለት ሰከንድ ልዩነት ነው። አርሲንክ ፋይል ተለውጧል አልተለወጠም የሚለውን በመጠኑና በሰዓቱ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ያልተለወጠውን ሁሉ «ተለውጧል» ብሎ በየጊዜው ሊገለብጥ ይችላል። «ሞዲፋይ ዊንዶው» የሚባለውን ምርጫ 1 ስታደርጉት ይስተካከላል።

ማክ የምትጠቀሙ ደግሞ ሥሪቱን እዩ። ማክ ላይ ለብዙ ዓመታት አብሮ ሲመጣ የነበረው አርሲንክ 2.6.9 ነው፤ በ2006 የወጣ። አዳዲሶቹ ምርጫዎች እሱ ላይ አይሠሩም።

ዊንዶውስ ላይ

ዊንዶውስ ላይ የአርሲንክ አምሳያ ሮቦኮፒ ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ ይመጣል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ነባሪ አሠራሩ አንድ መጥፎ ነገር አለው። አንድ ፋይል አልገለበጥ ሲለው አንድ ሚሊዮን ጊዜ ይሞክራል። በየሙከራው መሃል 30 ሰከንድ ይጠብቃል። አስሉት፤ በአንድ ፋይል ምክንያት 347 ቀን ገደማ መቆም ማለት ነው። ሌሊት አስጀምራችሁ ጠዋት ስትመጡ እዚያው ቆሞ ብታገኙት ምክንያቱ ይህ ነው። የ«አር»ን ምርጫ (የሙከራውን ብዛት) 2፣ የ«ደብሊው»ን (የሚጠብቀውን ሰከንድ) 5 አድርጉት። «ሚር» የሚለው ምርጫ እንደ አርሲንክ ዲሊት ያጠፋል። «ኤል» ደግሞ እንደ ዳሽ ኤን ዝርዝሩን ብቻ ያሳያል።

ሮቦኮፒን በስክሪፕት የምታስኬዱ ካላችሁ፣ ሲጨርስ 1 ቁጥር ቢመልስ ስህተት አይደለም። ፋይል ገልብጫለሁ ማለቱ ነው። ከ8 ጀምሮ ያለው ነው ስህተት።

ዲዲ ምንድን ነው፣ ለምንስ እንዲህ ተጻፈ

የዲዲ አጻጻፍ ከሌሎቹ የዩኒክስ ትዕዛዞች አይመስልም። ዳሽ የለውም። «አይኤፍ እኩል ይሆናል» ብላችሁ ምንጩን፣ «ኦኤፍ እኩል ይሆናል» ብላችሁ መድረሻውን ትሰጡታላችሁ። ይህ መልክ የመጣው ከአይቢኤም ትልልቅ ኮምፒውተሮች የሥራ ማዘዣ ቋንቋ ነው። እዚያ ዲዲ የሚባለው ዓረፍተ ነገር ዳታው የት እንዳለና ምን መልክ እንዳለው የሚገልጽ ነበር። ዩኒክስ ላይ በ1970ዎቹ ሲገባ ሥራው ግልጽ ነበር፦ ከእነዚያ ማሽኖች በቴፕ የመጣን ዳታ ማንበብና መለወጥ። «መለወጥ» የሚለው ቃል መመሪያው ላይ እስካሁን ያለው ለዚህ ነው።

ዲዲ በብሎክ ይሠራል። አንድ ብሎክ አንብቦ አንድ ብሎክ ይጽፋል። ካልነገራችሁት ብሎኩ 512 ባይት ነው። 8 ጊጋባይት ኢሜጅ (የአንድ ዲስክ ሙሉ ቅጂ በአንድ ፋይል) በ512 ባይት ሲገለበጥ ከ16 ሚሊዮን በላይ ንባብ ነው። የብሎኩን መጠን በ«ቢኤስ» 4 ሜጋ ብታደርጉት ንባቡ ወደ 2 ሺህ ገደማ ይወርዳል። «ዲዲ ቀርፋፋ ነው» ብሎ የሚያማርር ሰው ብዙ ጊዜ ይህን አልሰጠውም። ከ4 ሜጋ ወደ ላይ ስትወጡ ግን ለውጡ እምብዛም አይታይም፤ ከዚያ በኋላ የሚወስነው የዲስኩ ፍጥነት ነው።

ዲዲ የሚያሸንፍበትን ቦታ ላሳያችሁ። በድሮው አሠራር የተከፋፈለ ዲስክ የመጀመሪያው ሴክተር (ዲስኩ የሚነበብበት ትንሹ ቁራጭ) 512 ባይት ነው። 446ቱ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ኮድ ነው። ቀጥሎ ያለው 64 ባይት ዲስኩ እንዴት እንደተከፋፈለ የሚናገር ሰንጠረዥ ነው። የመጨረሻው 2 ባይት ምልክት ነው። ማስነሻ ኮዱ ተበላሽቶባችሁ ከሌላ ዲስክ ልትመልሱት ከፈለጋችሁ ቢኤስን 446፣ ካውንትን (የብሎኩን ብዛት) 1 ትሉታላችሁ። 446 ባይት ብቻ ይነካል። በስህተት 512 ካላችሁት የሌላውን ዲስክ ሰንጠረዥ በራሳችሁ ላይ ጫናችሁ ማለት ነው፤ ፓርቲሽኖቹ ከዚያ በኋላ አይገኙም። ሲፒ እንዲህ ያለ ሥራ አያውቅም። አርሲንክም አያውቅም። «ከዚህ ባይት ጀምረህ ይህን ያህል ውሰድ፣ እዚያ ባይት ላይ አስቀምጥ» ማለት ስትፈልጉ ዲዲ የእናንተ ነው። ምንጩ ላይ ለመዝለል «ስኪፕ»፣ መድረሻው ላይ ለመዝለል «ሲክ» አለ። ሁለቱን አታምታቱ። መድረሻው ፋይል ከሆነና ቀሪው እንዲቆይ ከፈለጋችሁ «ኖትራንክ» የሚለውን ጨምሩ፤ አለዚያ የፋይሉን ጅራት ይቆርጠዋል።

ማስነሻ ፍላሽ ለመሥራት

ብዙ ሰው ዲዲን የሚያውቀው በዚህ ሥራ ነው። የሚገርመው ግን ግድ አለመሆኑ ነው። የአብዛኞቹ ሊኑክሶች አይኤስኦ ፋይል (የመጫኛው ኢሜጅ) እንዳለ ወደ ፍላሹ ቢጻፍ እንዲነሳ ተደርጎ የተሠራ ነው። ሊኑክስ ላይ ፍላሹ ራሱ እንደ ፋይል ስለሚታይ ሲፒ ይጽፈዋል። ዴቢያን የሚባለው ሊኑክስ የመጫኛ መመሪያ ራሱ የሚያሳየው በሲፒ ነው፤ ሲፒ፣ ቀጥሎ ሲንክ (ሚሞሪ ላይ የቀረውን ወደ ዲስክ የሚያወርድ ትዕዛዝ)። ብሎክ የለ፣ ምን የለ።

ታዲያ ዲዲ ምን ይጨምራል? ሂደቱን ማየት። «ስታተስ እኩል ይሆናል ፕሮግረስ» የሚለው ከ2015ቱ ኮርዩቲልስ 8.24 ጀምሮ አለ። ሲፒ ይህ የለውም። ከዚህ ጋር አንድ ማታለያ አብሮ ይመጣል። ዲዲ በሰከንድ 1 ጊጋባይት እየጻፍኩ ነው ይላችኋል። ደስ ይላችኋል። ቁጥሩ የኢሜጁ መጠን ላይ ደርሶ ግን ተርሚናሉ ዝም ብሎ ይቀራል፣ ወይም «ጨረስኩ» ይልና ፍላሹ ገና መብራቱን እያርገበገበ ነው። ሊኑክስ የተጻፈውን መጀመሪያ ሚሞሪ ላይ ያቆየዋል፤ ወደ ፍላሹ የሚወርደው ቀስ ብሎ ነው። ያኔ የነቀለ ሰው ፍላሹ አይነሳለትም። መፍትሔው «ኮንቭ እኩል ይሆናል ኤፍሲንክ» መጨመር ነው። ዳታው ፍላሹ ላይ ሳያርፍ ዲዲ አልጨረስኩም ይላል።

ማክ ላይ ከሆናችሁ የዲስኩን ስም ከፊቱ «አር» ጨምራችሁ ጥሩት፤ «ዲስክ2» የነበረውን «አርዲስክ2»። ልዩነቱ በዓይን የሚታይ ነው፣ በጣም ይፈጥናል።

የዊንዶውስ አይኤስኦ ግን እንዲህ አልተሠራም። በዲዲም በሲፒም ብትጽፉት አብዛኛውን ጊዜ አይነሳም። ለእሱ ሩፈስን የመሰለ ፕሮግራም ያስፈልጋችኋል። ተርሚናል ለማይወድ ሰው ደግሞ ኤቸር አለ። ከጻፈ በኋላ መልሶ አንብቦ ያመሳክራል፤ ሲስተሙ ያለበትን ዲስክም በቀላሉ እንዳትመርጡ ይከለክላል። ለጀማሪ እኔ የምመክረው እሱን ነው። ምክንያቴን ከታች እነግራችኋለሁ።

ያጠፋሁት ዲስክ

ሁለት ውጫዊ ዲስኮች ነበሩኝ፣ መልካቸው አንድ። አንደኛው ባዶ ነበር። ሁለተኛው ላይ የእህቴ የልጆቿ ፎቶ ነበር፤ አደራ ብላ የሰጠችኝ። ባዶው ላይ ኢሜጅ ልጽፍ ነው። ቀደም ብዬ አይቻለሁ፣ ባዶው «ኤስዲቢ» ነው። ትዕዛዙንም ጽፌያለሁ። መሃል ላይ ኬብል ለማስተካከል ሁለቱንም ነቅዬ መልሼ ሰካኋቸው። ተርሚናሉ ላይ ወደ ላይ የምትወስደውን ቁልፍ ተጫንኩ፣ ያው ትዕዛዝ መጣ፣ አስገባሁት።

ስሞቹ ተለዋውጠው ነበር። ሊኑክስ ስሙን የሚሰጠው በተገኙበት ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ ኤስዲቢ አሁን የእህቴ ዲስክ ነው። የዲስኩ መብራት የተሳሳተው ላይ ሲበራ ያየሁት ከአምስት ሰከንድ በኋላ ነው። ትዕዛዝ የሚያቋርጠውን ኮንትሮል ሲ ተጫንኩ። አምስት ሰከንድ በቂ ነበር። የዲስኩ መጀመሪያ፣ ሰንጠረዡና የፋይል ሲስተሙ ራስ፣ ሄዷል። ፎቶዎቹን ፎቶሬክ በሚባል ፕሮግራም አብዛኞቹን አወጣኋቸው። ፎቶሬክ ግን የፋይል ስምና ፎልደር አይመልስም። እህቴ በልጅ በልጅ፣ በዓመት በዓመት ለይታ ያስቀመጠችው ሁሉ በቁጥር የተሰየመ አንድ ክምር ሆነ። ለእሷ መንገር ከባድ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ኤስዲቢ፣ ኤስዲሲ የሚለውን ስም ለዲዲ አልሰጥም። «ዴቭ» ውስጥ «ዲስክ»፣ እሱ ውስጥ «ባይ-አይዲ» የሚባል ፎልደር አለ። እዚያ ያለው ስም የዲስኩን ሞዴልና ተከታታይ ቁጥር የያዘ ነው። ነቅላችሁ ብትሰኩት አይለወጥም። ቁጥሩ ከዲስኩ ጀርባ ላይም ብዙ ጊዜ ተለጥፎ ይገኛል፤ ማመሳከር ትችላላችሁ። ልክ ኢንተር ከመጫናችሁ በፊት ደግሞ ኤልኤስቢኤልኬ የሚለውን ትዕዛዝ አስኪዱና መጠኑን እዩ። «500 ጊጋ» ተብሎ የተሸጠ ዲስክ እዚያ 465.8 ብሎ ነው የሚታየው፤ ባለ 32 ፍላሽ ደግሞ ከ30 በታች። ፍላሽ ላይ ልትጽፉ ነው ብላችሁ 465.8 ካያችሁ እጃችሁን አንሱ።

ሙሉ ዲስክ ለመገልበጥ

አንድ ቴራባይት ዲስክ አላችሁ እንበል፤ የተያዘው 80 ጊጋ ብቻ ነው። ዲዲ ባዶውን ከተያዘው ስለማይለይ ቴራባይቱን ሙሉ ያነባል። በሰከንድ 100 ሜጋባይት ሂሳብ 2 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ገደማ ነው። ፓርትክሎን የሚባለው ፕሮግራም ግን የፋይል ሲስተሙን ያውቃል፣ የተያዘውን ብቻ ይገለብጣል። በዚያው ፍጥነት 80 ጊጋውን 13 ደቂቃ ገደማ ይጨርሳል። ክሎንዚላ የሚባለው ከፍላሽ የሚነሳ መሣሪያ ውስጡ ያለው ፓርትክሎን ነው። ለጤነኛ ዲስክ፣ ወደ አዲስ ዲስክ ለመዛወር፣ ክሎንዚላን ምረጡ።

ዲዲን የምትመርጡት ባዶው ቦታ ራሱ ሲፈለግ ነው። የተሰረዘ ፋይል ልታወጡ ከሆነ፣ ወይም ዲስኩ ኢንክሪፕት ተደርጎ (በምስጢር ቁልፍ ተቆልፎ) ማንም ውስጡን የማያውቀው ከሆነ።

በሁለቱም መንገድ፣ እየሠራ ያለን ዲስክ አትገልብጡ። ዲዲ መጀመሪያውን ሲያነብና መጨረሻውን ሲያነብ መሃል ሰዓታት ያልፋሉ። በዚያ መሃል ሲስተሙ ፋይል ይጽፋል፣ ይሰርዛል። የምታገኙት ግማሹ የጠዋት፣ ግማሹ የከሰዓት የሆነ ዲስክ ነው። ከሌላ ፍላሽ አስነሱና ግልበጣውን ከዚያ ሥሩ። ሲያልቅ ደግሞ ሁለቱን ዲስክ አብራችሁ ሰክታችሁ አታቆዩ። መለያ ቁጥራቸው አንድ ስለሚሆን ሲስተሙ ይምታታበታል፤ ኤክስኤፍኤስ እንዲያውም ሁለተኛውን አልከፍትም ይላል።

ዲስኩ እየሞተ ከሆነ

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንብቡኝ።

ዲዲ የንባብ ስህተት ሲያገኝ ይቆማል። ይህን ለማለፍ «ኖኤረር» እና «ሲንክ» የሚባሉ ሁለት ምርጫዎች አሉት። ስህተቱን አልፎ ይሄዳል፣ ያልተነበበውን በዜሮ ይሞላል። ጥሩ ይመስላል። ግን ብሎኩ 4 ሜጋ ከሆነና አንዲት ሴክተር ብቻ ብትበላሽ፣ ጎረቤቶቿ ጤነኛ ሳሉ ሊታጡ ይችላሉ። ብሎኩን ስታሳንሱት ደግሞ ይንቀራፈፋል። ከሁሉ በላይ ዲዲ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቀጥታ ነው የሚሄደው። የተጎዳው ቦታ መጀመሪያው አካባቢ ከሆነ እዚያ ሲታገል ዲስኩ ጨርሶ ሊሞት ይችላል፤ ጤነኛው ቀሪ ክፍል ሳይነካ።

ዲዲሬስኪው ስሙ ይምሰል እንጂ ሌላ ፕሮግራም ነው። የጻፈው አንቶኒዮ ዲያዝ ዲያዝ ነው። አካሄዱ ሐኪም የሚያስመስለው ነው። መጀመሪያ ቀላሉን ሁሉ ይወስዳል። የሚያስቸግር ቦታ ሲያገኝ ዘሎ ያልፋል፣ ማስታወሻ ይይዛል። ጤነኛው ከዳነ በኋላ ነው ወደተዘለለው ተመልሶ ከጠርዙ እየሸረሸረ የሚሞክረው። ማስታወሻው ማፕ ፋይል ይባላል። ያን ፋይል አትርሱት። ትዕዛዙ ላይ ከምንጩና ከመድረሻው ቀጥሎ ሦስተኛ ስም ሆኖ ይጻፋል። እሱ ካለ ኮምፒውተሩ ቢጠፋ፣ ዲስኩ ግሎ ብታሳርፉት፣ ነገ ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ። ከሌለ ከዜሮ ነው፤ የሚሞት ዲስክ ደግሞ ሁለተኛ ዙር ላይሰጣችሁ ይችላል።

የመጀመሪያውን ዙር በ«ዳሽ ኤን» አስኪዱ፤ ሽርሸራውን ለጊዜው ይተወዋል። ሲጨርስ ያለ ዳሽ ኤን፣ በ«ዳሽ አር» 3 ብላችሁ ድገሙት። ኢሜጁ የሚጻፈው ሌላ ጤነኛ ዲስክ ላይ ነው። የሚሞተው ዲስክ ላይ ምንም አትጻፉ፣ ጥገና የሚባል ነገርም አትሞክሩበት። ጥገናውን ከኢሜጁ ቅጂ ላይ ነው የምታደርጉት።

ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ የምትጭኑት ፓኬጅ ስሙ ፊት ላይ ጂ አለው፤ ጂዲዲሬስኪው። ስሙ የሚመሳሰል፣ መሃሉ ላይ የግርጌ ሰረዝ (_) ያለው ሌላ ፕሮግራምም ስላለ እንዳያሳስታችሁ።

«መለወጥ» ሲባልስ?

ብዙ ሰው ዲዲ «ይለውጣል» ሲባል ቪዲዮ ወይም ፎቶ ከአንድ ዓይነት ወደ ሌላ የሚቀይር ይመስለዋል። አይቀይርም። ለቪዲዮና ለድምፅ ኤፍኤፍኤምፔግ፣ ለፎቶ ኢሜጅማጂክ አለ። ኢሜጅማጂክን ዊንዶውስ ላይ «ኮንቨርት» ብላችሁ አትጥሩት። በዚያ ስም የዊንዶውስ የራሱ ትዕዛዝ አለ፤ ሥራውም ዲስክን ከፋት ወደ ኤንቲኤፍኤስ መቀየር ነው። አዲሱን ስም «ማጂክ»ን ተጠቀሙ።

ዲዲ የሚለውጠው ባይት ነው። ትንንሽ የላቲን ፊደላትን ትልልቅ ያደርጋል። ጥንድ ባይቶችን ያገላብጣል። ፊደልን በቁጥር ከሚወክሉት አሠራሮች የአይቢኤምን ኢቢሲዲክ ወደ አስኪ ይመልሳል፤ ትልቁ የላቲን ኤ በአስኪ 65፣ በኢቢሲዲክ 193 ነው። ዛሬ ይህ የሚያስፈልገው ሰው ጥቂት ነው።

ጽሑፍን ከአንድ የፊደል አወካከል ወደ ሌላ ለመቀየር የሚያስፈልገን አይኮንቭ ነው። ከዩቲኤፍ-16 ወደ ዩቲኤፍ-8 ለመቀየር ከየት ወደ የት መሆኑን ትነግሩታላችሁ። ዲዲን ለዚህ አትሞክሩ፤ ለምን እንደሆነ በአማርኛ ይታያል። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ነው። «ሰላም» ዘጠኝ ባይት ትይዛለች። ዲዲን የመጀመሪያውን አራት ባይት ውሰድ ብትሉት ሰ ትመጣለች፣ ከኋላዋ ደግሞ የላ አንድ ሦስተኛ። ስክሪኑ ላይ የጥያቄ ምልክት ያለበት ሳጥን ሆና ትታያለች። ዲዲ አልተሳሳተም፤ ፊደል የሚባል ነገር አያውቅም።

አይኮንቭ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ውጤቱን በ«>» ምልክት ወደዚያው ፋይል አትመልሱት። ሼሉ (ተርሚናሉ ላይ ትዕዛዛችሁን የሚቀበለው ፕሮግራም) ትዕዛዙ ሳይጀምር ፋይሉን ባዶ ያደርገዋል፣ አይኮንቭ የሚያነበው ይጠፋል። ሌላ ስም ስጡት፣ አይታችሁ ስታምኑበት ቀይሩት።

ከተገለበጠ በኋላ

የትኛውንም ብትመርጡ ማመሳከር አትተዉ። ለፋይል፣ ከይዘቱ መለያ ቁጥር የሚያወጣውን ኤስኤችኤ256ሰም ሁለቱ ላይ አስኪዱና ቁጥሩን አስተያዩ። አርሲንክ ከሆነ በ«ዳሽ ሲ» ድገሙት፤ መጠንና ሰዓትን ትቶ ውስጡን ያነባል።

ለፍላሽ ባይት በባይት የሚያወዳድረው ሲኤምፒ ይሻላል። ፍላሹ ከኢሜጁ ስለሚበልጥ «ዳሽ ኤን» ብላችሁ የኢሜጁን የባይት ብዛት ስጡት፤ እስከዚያ ድረስ ብቻ ያወዳድራል። ከዚያ በፊት ግን ፍላሹን ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩት፣ ስሙንም እንደገና እዩ። ካልነቀላችሁት የሚነበበው ሚሞሪ ላይ የቀረው ቅጂ ሊሆን ይችላል። ሲኤምፒ ልዩነት ካገኘ ስንተኛው ባይት ላይ እንደሆነ ይነግራችኋል። ምንም ሳይል ከተመለሰ ሁለቱ አንድ ናቸው።